ጵርስቅላ ኢታና እና ሪባን የታሰረለት ፕሮቲን

ጵርስቅላ ኢታና በተቀበረችበት ቀን መሥሪያ ቤቷ ያስነበበው የሕይወት ታሪክ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ትክክል ነበር። የተወለደችበት ዓመት ትክክል ነው፤ የተማረችበት ትክክል ነው፤ የባሏ የገመቺስም ስም ሳይሳሳት ተጽፏል። ውሸቱ "ከእንጦጦ ተራራ የተገኘ ቅጠል ካንሰርን የሚገታውን ፕሮቲን እንደሚቀሰቅስ በምርምሯ አረጋግጣለች" የሚለው ነው። አላረጋገጠችም። እንዳላረጋገጠች በግልጽ በመናገሯ ነው የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታቷን ምድር ቤት ውስጥ ጠርሙስ ስታጥብ ያሳለፈችው። እኔ የዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከቀብሩ በኋላ ገመቺስ "ትክክለኛውን አንቺ ጻፊልኝ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ያንን ወረቀት ብቻ እንዳያገኙ" አለኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ጵርስቅላ የቀበና ልጅ ናት። አባቷ አቶ ኢታና ከወለጋ መጥተው ወንዙ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን በአናጺነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምእመኑ ዛሬም የሚቀመጥባቸውን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ወርቄ ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር። ጵርስቅላ ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ መደብ አጠገብ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ስላደገች፣ ሸክላ ፈጭተው ከበርበሬ ጋር የሚደባልቁ ነጋዴዎችን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ትዳር ይዛ፣ ዲግሪ ጭና እንኳ በርበሬ ልትገዛ ስትሄድ በቦርሳዋ ብርጭቆ ይዛ ነው። ከበርበሬው ቆንጥራ ውሃ ላይ ትበትናለች፤ ሸክላ ካለው ከሥር ይዘቅጣል። ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያይዋት "መጣች ላብራቶሪዋ!" እያሉ ይስቁ ነበር። አንዳንዱ ግን ጆንያውን ይሸፍናል።

ባዮሎጂ ተምራ ከተራራው ሥር ባለው የምርምር ተቋም ተቀጠረች። የተቋሙን ስም አልጠራም። ሥራው በእንጦጦ የሚበቅሉ ዕፅዋት በካንሰር ላይ የሚያመጡት ለውጥ መኖር አለመኖሩን መመርመር ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጵርስቅላም ከልቧ ትወደው ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ፕሮቲኑ ትንሽ መናገር አለብኝ። በሰውነታችን ሕዋሶች ውስጥ ፒ ሃምሳ ሦስት የሚባል ፕሮቲን አለ። ሕዋሱ ሲበላሽ እንዳይራባ ያስቆመዋል፤ ብልሽቱ የማይጠገን ከሆነም እንዲሞት ያደርገዋል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ይኸው ፕሮቲን ከሥራ ውጪ ሆኖ ይገኛል። ለላብራቶሪ የሚመጣው ከሰው የተቀዳ አይደለም። የሰውን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያው እንዲያመርተው ያደርጋሉ፤ ከዚያ አጣርተው፣ አቀዝቅዘው ይልኩታል። መድኃኒት አይደለም፤ ማንም አይወጋውም፣ ማንም አይውጠውም። እኛ ዘንድ የተፈለገው የቅጠሉ ጭማቂ ፕሮቲኑን ያግዘው እንደሆነ ለመፈተን ብቻ ነው። ደግሞም ስስ ነገር ነው። ቅዝቃዜ ካጣ ቅርጹ ይፈታል፤ አንዴ ከተፈታ እንደተቀቀለ እንቁላል ነው፣ መልሰህ ብታቀዘቅዘው ወደ ጥሬነቱ አይመለስም።

የቅጠሉን ስም ሆን ብዬ አልጽፈውም። ቅጠሉን በጆንያ የሚያመጡልን ወይዘሮ ዘቢደር ይባላሉ። እንጦጦ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚዘሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከፍ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ከጵርስቅላ ጋር ሲገናኙ መነካከስ ልማዳቸው ነበር።

"ዛሬም ሳትጾሚ ዋልሽ አይደል?" ይሏታል ጆንያውን እያወረዱ።

"እማማ ዘቢደር፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በእኔ ፈንታ እርስዎ ይጹሙልኝ።"

"ያንቺን ደርቤ ከጾምኩማ ማን ቅጠል ሊሸከምልሽ ነው!"

አንድ ቀን ወይዘሮ ዘቢደር ጆንያውን ካስረከቡ በኋላ አልሄዱም። ጵርስቅላን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ወስደው እጇን ያዙና ቀኝ ጡታቸው ሥር አስነኳት። ጠጠር የመሰለ እባጭ ነበረ። ጵርስቅላ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው ተባለ፤ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጣቸው። ሐኪሙ ከዘገዩ እንደማይድኑ ነግሯቸዋል። በብዙ ልመና እሺ አሉ።

ፕሮቲኑ በዚህ መሀል መጣ። ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። የጣት ጫፍ የምታህል ብልቃጥ፣ ነጭ ጭስ በሚተፋ ደረቅ በረዶ ተከባ በትልቅ የፎም ሳጥን ውስጥ ገባች። ጵርስቅላ ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። ነገር ግን በእኛ ተቋም አዲስ ነገር የክብር እንግዳ ሳይመርቀው አይከፈትም። ጄኔሬተሩ ተመርቋል፤ ሚኒባሱ ተመርቋል። አዲሱ ሽንት ቤት እንኳ ሪባኑ እስኪቆረጥ ድረስ ሠራተኛው አጥር ጥግ እየሄደ ቁልፉ አቶ ከበበ ኪስ ውስጥ ነበር የሰነበተው። አቶ ከበበ የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሲሆን፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀታችንም አስተባባሪ እሱ ነበር። ሳጥኑን በሪባን አስሮ እስከ ሰኞው ምረቃ ቢሮው ቆለፈበት።

"አቶ ከበበ፣ ይሄ ዕቃ ፍሪዘር ካልገባ ይሞታል" አለችው።

"ምኑ ነው የሚሞተው? በግ ነው እንዴ?"

"በግማ ሳር ቢሰጡት እስከ ሰኞ ይቆይ ነበር።"

"በቃ፣ እንግዳው ሰኞ ይመጣሉ። ነው ወይስ ሪባኑን አንቺ ልትቆርጪው አማረሽ?"

ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ዶክተር ሣህሌ ሄደች። ዶክተር ሣህሌ ውጭ አገር ሲማር በፕሮቲን ላይ የሠራ ሰው ነው። የምትለውን ከእሷ እኩል ያውቀዋል። "በረዶ አለው አይደል? ይቆያል" ብሎ ሸኛት።

በረዶው በእርግጥ ሳይቆይ አልቀረም። ሰኞ ጠዋት ግን አቶ ከበበ ሳጥኑን አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ሲያነሳ ጭሱ ቦለል አለ። "ይሄማ ጋዝ የፈሰሰ መስሏቸው እንግዳው ይደነግጣሉ!" አለና በረዶውን በሙሉ አስወጥቶ ግቢው ውስጥ አስደፋው። ዘበኞቹ ከብበው ጉድ እያሉ እስኪጠፋ አዩት። ብልቃጧ በፕላስቲክ አበቦች መሀል፣ ከድፎ ዳቦው አጠገብ፣ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እንግዳው ጠዋት ይመጣሉ ተብለው ከቀትር በኋላ መጡ።

ሪባኑን ቆርጠው ብልቃጧን መዳፋቸው ላይ አደረጓት።

"ይቺ ናት?"

"አዎ፣ ክቡርነትዎ።"

"ባዶ አይደለችም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳውም ደስ ብሏቸው "ለመሆኑ የምትዋጥ ናት የምትወጋ?" አሉ።

ዶክተር ሣህሌ "ተስፋ ናት፣ ክቡርነትዎ" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ ፎቶ ሲነሳ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካት፤ አንድ ሽማግሌ ጨብጠው መረቋት። ጵርስቅላ ነጭ ጋዋን ለብሳ ከዶክተር ሣህሌ ኋላ እንድትቆም ተደርጋ ነበር። አቶ ከበበ በክርኑ ነካ አድርጎ "አጨብጭቢ እንጂ" ሲላት አጨበጨበች። ይህን ጭብጨባዋን ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

ፈተናውን ሠራች። ፈተናው በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ የሚካሄድ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚሠራ ከሆነ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ፕሮቲኑ ብቻውን በገባበት ረድፍ ምንም ቀለም አልታየም። የቅጠሉ ጭማቂ የተጨመረበት ረድፍ ቢጫ ሆነ። ጵርስቅላ የሾላ ገበያ ልጅ ናትና ሌላ ረድፍ ጨመረች፤ ፕሮቲን የሌለበት፣ ውሃና የቅጠል ጭማቂ ብቻ። እሱም እኩል ቢጫ ሆነ። ሰሌዳውን ይዛ ወደ ዶክተር ሣህሌ ሄደች። የተነጋገሩትን በዚያው ቀን ምሳ ላይ ነግራኛለች።

"ዶክተር፣ ፕሮቲኑ ሞቷል። ብቻውን መሥራት ነበረበት፤ አልሠራም።"

"ቅጠሉ ያለበት ግን ቢጫ ሆኗል።"

"ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ነው። ይኸው፣ ፕሮቲን በሌለበትም ያው ነው። አዲስ እንዘዝ።"

ዶክተር ሣህሌ መነጽሩን አውልቆ አየው፤ መልሶ አድርጎም አየው። "የተመረቀ ነገር ሞተ ተብሎ ይጻፋል?" አላት። ቀጥሎም "ይቺኛዋን ረድፍ ሪፖርቱ ላይ አታስገቢያት" አለ።

ሳይገባው ቀርቶ ቢከራከራት ኖሮ ይህን ያህል ባልተጠየፍኩት። ገብቶታል። ከሦስቱ ረድፎች የትኛዋ ብትጠፋ ውሸቱ እውነት እንደሚመስል በአንድ እይታ ለይቶ አውቋል። የተማረውን ትምህርት ያዋለው ለዚህ ነው።

ጵርስቅላ ሪፖርቱን አልፈርምም አለች። እሷ ሳትፈርም ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዜናው በቴሌቪዥን ተነገረ፦ የእንጦጦ ቅጠል ካንሰርን የሚገታውን ፕሮቲን መቀስቀሱ በአገር ልጆች ተረጋገጠ። ምስሉ የምረቃው ነበር። ሪባን ይቆረጣል፤ ብልቃጧ ትታያለች፤ ዶክተር ሣህሌ በነጭ ጋዋን ሆኖ ይናገራል፤ ከኋላ ጵርስቅላ ታጨበጭባለች።

ወይዘሮ ዘቢደር በቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሐኪም ቤት ሳይመጡ ቀሩ።

ጵርስቅላ ይህን እንደሰማች ተራራውን ወጣች፤ አብሬያት ነበርኩ። ወይዘሮ ዘቢደር ደጃፋቸው ላይ ቅጠሉን በድስት ጥደው፣ በጣሳ እየቀዱ ሲጠጡ ደረስን።

"እማማ፣ ለምን ሐኪም ቤት አልሄዱም?"

"መድኃኒቱ ከጓሮዬ በቅሎ ሳለ ለቢላዋ ምን አስኬደኝ?"

"መድኃኒት አይደለም።"

"ዶክተሩ በቴሌቪዥን የተናገረው ታዲያ ምንድን ነው? አንቺስ ከኋላው ቆመሽ አላጨበጨብሽም? ጎረቤቶቼን ጠርቼ 'ይቺትና የኔዋ ጴንጤ' ብዬ አሳይቼሻለሁ!"

"አጨብጭቢ ስላሉኝ ነው።"

"አሁንስ ማን ሂጂ ብሎሽ መጣሽ?"

"ማንም።" ጵርስቅላ ጣሳውን ከእጃቸው ወስዳ ደፋችው። "ያቺ ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ሆና ነው የሞተችው፣ እማማ። የሞተ ነገር ምንም አይቀሰቅሰውም። ቢጫው የቅጠሉ ቀለም ነው።"

ወይዘሮ ዘቢደር የተደፋውን አዩ፤ እሷን አዩ። አልተቆጡም። "ወይ አንቺ ትዋሺያለሽ፣ ወይ እሱ ይዋሻል" አሉ። "ሁለታችሁም ነጭ ለብሳችሁ አይቻችኋለሁ። እኔ ምስኪኗ በምን ልለያችሁ? ውሸት ከሆነ ሰውዬው በገዛ አፉ ይንገረኝ።"

ስለዚህ ጵርስቅላ ወደ ሰውዬው አመጣቻቸው። መዝገብ ቤቱ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጋር ስለሚጎራበትና በሩም ስላልተዘጋ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዶክተር ሣህሌ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እናቴ ብሎ፣ አስቀመጣቸው።

"ዶክተር፣ ጡቴ ላይ እባጭ አለ" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። "ይቆረጥ ብለውኛል። የርስዎን ደግሞ በቴሌቪዥን ሰማሁ። ቅጠሉን ልጠጣ ወይስ ልቆረጥ?"

"እናቴ፣ ጥናቱ እንግዲህ በሂደት ላይ ነው። ውጤቱ አበረታች..."

"ሂደቱን ተወው፣ ልጄ። እናትህ ብሆን ምን ትለኛለህ?"

ዶክተር ሣህሌ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በረድፍ አስተካከለ። ከዚያ ወደ ጵርስቅላ ዞሮ "ወይዘሮ ዘቢደርን ሻይ ጋብዣቸው፤ ተራራ ነው የወረዱት" አላት።

ወይዘሮ ዘቢደር ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ጵርስቅላን በክንዷ ያዟት። "ሻዩን እሱ ይጠጣው። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።"

"አመኑኝ?"

"እሱ ነው ያሳመነኝ። ጠጪ ቢለኝ እጠጣ ነበር። ስለ እናቱ እንዲህ ተጠይቆ ሻይ የሚል ሰው ግን ቅጠሉን ለእናቱ አይሰጣትም።"

ቀኝ ጡታቸው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ኬሞቴራፒ የሚሉት የመድኃኒት ሕክምና ነበር፤ ጠጉራቸው አለቀ፤ ጵርስቅላ እየተመላለሰች አስታመመቻቸው። ዳኑ። ለተቋሙም ከዚያ ወዲያ አንድ ቅጠል አልሸጡም። ተቋሙ ሌላ ሰው ፈልጎ መግዛቱን ቀጠለ።

ጵርስቅላ ግምገማ ላይ ቀረበች። የቀረበባት ክስ ጨለምተኝነትና የውጭ ሰው አስገብቶ አመራሩን ማሸማቀቅ የሚል ነበር። አቶ ከበበ ከመድረኩ "ግለ ሂስሽን አቅርቢ" አላት። ተነሳችና "ጥፋቴ ማጨብጨቤ ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም" ብላ ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤው ላይ "ጥፋቷን አምና ተቀብላለች" ተብሎ ሰፈረ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ተዛወረች። ብልቃጧ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን፣ ከእግር ኳስ ዋንጫው ጎን፣ ከነሪባኗ ተቀመጠች። "ለምርምር ብቻ" የሚለው ጽሑፍ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጎብኚ ሲመጣ ያሳዩታል። ሥራ ስገባና ስወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ነበረብኝ።

ጵርስቅላ ግን ምድር ቤቱን ቤቷ አደረገችው። ጠርሙስ እያጠበች መዝሙር ታዜማለች፤ የአቶ ከበበን አረማመድ እያስመሰለች የጽዳት ሠራተኞቹን በሳቅ ትገላቸዋለች። ወይዘሮ ዘቢደር ነጭ ሽንኩርት ይዘው ይመጡና በመስኮቱ ፍርግርግ ያቀብሏታል። "ዛሬም አልጾምሽም?" ይሏታል ከላይ። ሌላ ቦታ ሥራ እንድትፈልግ ስነግራት "እኔ ከሄድኩ ያቺን ረድፍ ማን ያስታውሳታል?" ትለኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሾላ ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ አስፋልት ስትሻገር ገጫት። ቦርሳዋን ገመቺስ ሲቀበል ብርጭቆዋ ሳትሰበር ውስጡ ነበረች። ስለዚህ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቀብሩ ላይ መሥሪያ ቤቱ በሚኒባስ መጣ። አቶ ከበበ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የሕይወት ታሪኳን አነበበ። ወይዘሮ ዘቢደር ጴንጤ ሲቀበር አይተው አያውቁም ነበር፤ ከመዘምራኑ ጎን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አቶ ከበበ "በምርምሯ አረጋግጣለች" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ተሰማ።

"ውሸት ነው! ቅጠሉን ከእጄ ላይ የደፋችው እሷ ናት!"

"እማማ፣ ሥነ ሥርዓት ይከበር እንጂ" አለ አቶ ከበበ። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ የተቋረጠበትን ፈለገ። አገኘውና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው አንስቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደገና አነበበው። ዶክተር ሣህሌ ጥቁር መነጽር አድርጎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። መዘምራኑ መዝሙሩን አነሱ፤ አፈሩም ገባ።

ለቀስተኛው ሲበተን በሩ አጠገብ አንዲት ጎልማሳ ሴት ወይዘሮ ዘቢደርን ተጠጋቻቸው። አላውቃትም። ግራና ቀኝ አይታ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"እናቴ፣ የእንጦጦ ሰው ነዎት መሰለኝ። ያ ያነበቡት ቅጠል በየት በኩል ነው የሚገኘው? እህቴ ታማብኛለች።"

ወይዘሮ ዘቢደር አልተቆጧትም። የሴትየዋን እጅ ያዙና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ ደረታቸው ላይ፣ ልብሱ ሜዳ ሆኖ በተኛበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ሴትየዋ ደንግጣ እጇን ልትስብ ስትል አጥብቀው ያዙት።

"ዳብሽው" አሏት። "እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። እህትሽ የት ናት? ሐኪም ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ።"